ባህር ዛፍ ባይመጣስ ኖሮ? ከቁስ የሚነሳ ልብ ወለድ ለመጻፍ የሄድኩበት መንገድ

ለወራት ንቅንቅ አልል ብሎኝ የነበረው ታሪክ ሰሞኑን እግር አወጣ። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም። በአማርኛ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ለመጻፍ ለምትሞክሩ፣ ወይም ቁሳቁስ የሰውን ኑሮ እንዴት እንደሚቀርጽ ማሰብ ለምትወዱ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ዘዴዬ ቀላል ነው። ታሪኩን ከሮቦት ወይም ከጠፈር መንኮራኩር አልጀምርም። ከአንድ ቁስ እጀምራለሁ። ከምናውቀው ዓለም አንድ ነገር አወጣለሁ፤ ወይም ጠባዩን እለውጣለሁ። ከዚያ ሰዎቹ ምን እንደሚሆኑ እከተላቸዋለሁ። ብረት ባይዝግስ? ሸክላ እሳት ሲነካው ባይጠነክርስ? መስታወት ባይኖርስ? ጥያቄው የልጅ ይመስላል። ግን ሁለት እርምጃ ከሄዳችሁበት ሕጉም፣ ጋብቻውም፣ ዕዳውም፣ ክብሩም አብሮ መነቃነቅ ይጀምራል።

የመጀመሪያዎቹን ልምምዶች ቶሎ ልለፋቸው። አንዱ ስለ አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ከአፋር ረባዳ ምድር እየተቆረጠ፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ እየወጣ፣ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። እርጥበት ደግሞ ይበላዋል። እንግዲህ ክረምት የሚያሟሟው ገንዘብ ያለው ሰው እንዴት ይቆጥባል? ለልጁስ ምን ያወርሳል? ከዚህች ጥያቄ አንድ አጭር ታሪክ ወጣ። ሌላው ስለ ቆርቆሮ ነበር። የሣር ክዳን ባረጀ ቁጥር ጎረቤት ተሰብስቦ ያድሰዋል። ቆርቆሮ አንዴ ከተመታ ለረጅም ጊዜ ሰው አያስጠራም። ያ የቀረው ደቦ ወዴት ይሄዳል ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም ብዙ ሳያስቸግሩኝ አለቁ። ሦስተኛው ግን አንቆ ያዘኝ፤ የዛሬው ወሬዬም ስለ እሱ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ባህር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ ባይመጣ ኖሮ አዲስ አበባ ምን ትሆን ነበር?

ታሪኩን ባጭሩ ላንሳው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከጎንደር ዘመን በፊት ለረጅም ጊዜ የነገሥታቱ ከተማ ተንቀሳቃሽ ነበር። ንጉሡ ሲነሳ ሠራዊቱ፣ መኳንንቱ፣ ካህናቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ነጋዴው ሁሉ ይነሳል። ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር በድንኳን ይጓዛል። ከምክንያቶቹ ዋነኞቹ ማገዶና ቀለብ ናቸው። ያን ያህል ሕዝብ አንድ ቦታ ከከረመ ዙሪያውን ያለውን ደን ይጨርሳል፤ ገበሬውንም ያራቁታል።

አዲስ አበባም በዚያው መንገድ ላይ ነበረች። በ1886 ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ከተወረደ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው ደን ተመናመነ። ማገዶ ከሩቅ መምጣት ጀመረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ገደማ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ዋና ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። ቤተ መንግሥትም ተሠርቶ ነበር። ዝውውሩ ግን ቀረ። ያ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዛሬ አዲስ ዓለም ማርያም የምንላት ናት።

ለምን ቀረ? አንዱ ምክንያት ቀድሞ የተሠራው ቤት ነው። መኳንንቱና የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች (የዚያ ዘመን ኤምባሲዎች) አዲስ አበባ ላይ ብዙ ወጪ አውጥተው ነበር። ሌላው በ1890ዎቹ አጋማሽ የገባው ባህር ዛፍ ነው። ዛፉ ቶሎ ያድጋል። ሲቆርጡት ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ከብት ቅጠሉን አይነካውም። መንግሥትም ችግኝ በርካሽ እያደለ፣ ባህር ዛፍ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነፃ እያደረገ አስፋፋው። ከተማዋ ማገዶዋን ከጓሮዋ የምትቆርጥ ሆነች። መንከራተቷም አበቃ። በ1907 የከተማ ቦታን በግል ለመያዝ የሚያስችል ደንብ ወጣ። ቦታ የሚሸጥ፣ የሚለወጥና የሚወረስ ነገር ሆነ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በ1913 የሆነው ነው። ዛፉ ውኃ እያደረቀ ነው ተብሎ ከባህር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ታዘዘ። ትእዛዙ ወረቀት ላይ ቀረ። ማን ይነቅለዋል? እንጀራው የሚጋገረው በእሱ፣ ቤቱ የሚቆመው በእሱ። አዋጁ የደረሰው ዛፉ ሰዉን ከያዘው በኋላ ነው። ይህንን ሳነብ ነው ስለዚህ ዛፍ ካልጻፍኩ አላርፍም ያልኩት።

እናም ዛፉን ከታሪክ ነቀልኩት። ዘመኑን ወደፊት ወሰድኩት፤ የዛሬ ልጆች አያት ወደሚሆኑበት ጊዜ። ዋና ከተማዋ ረግታ አታውቅም። በየአሥራ አምስት ዓመቱ ተነስታ ሌላ ቦታ ትሰፍራለች። ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ሚሊዮኑ ሕዝብ ይነሳል። ምስሉ ያምር ነበር። የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሸራ አለ። በሸለቆ ውስጥ የሚጓዝ ማለቂያ የሌለው ሰልፍ አለ። ገጽ በገጽ ጻፍኩ። ታሪኩ ግን በድን ነው። ማንም ከማንም አይጣላም። ማንም የሚያጣው ነገር የለም።

ብዙው ጊዜዬ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የገታኝ ማገዶ ነበር። ሸራው ኤሌክትሪክ ከሰጠ ከተማዋ ለምን ትነሳለች? በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራላ! ካልሰጠስ ያ ሁሉ ሰው ምን አንድዶ ይበላል? ከሰል ከሩቅ ይምጣ ብል፣ ችግሩን ወደ ሌላ አገር ደን ማዛወር ነው። ኬሮሲን ብል ደግሞ በወደብ ነው የሚገባው፤ ወደቡን የያዘ ማድቤቱን ይይዛል። ያ ሌላ ታሪክ ነው። የቀረው ኩበት ነው። ኩበት የሚነደው ከማሳ ላይ እየተወሰደ ነው። እበቱ ወደ አፈሩ ካልተመለሰ መሬቱ ይደኸያል፤ ይህ በደጋው አገር ዛሬም ያለ ችግር ነው።

መልሱ የመጣው ከኩበቱ ነው። ከተማዋ የምትነሳው ማገዶ ፍለጋ መሆኑ ቀርቷል። ለብዙ ትውልድ ኩበት ስታነድ በዙሪያዋ ያለውን ማሳ ስታደኸይ ኖራለች። ስለዚህ መሬቱ እንዲያርፍ ትነሳለች። ይህ ተጽፎ ሕግ ሆኗል። በዓል ወጥቶለታል፤ ዘፈን ወጥቶለታል፤ ልጆች የተወለዱበትን ዘመን የሚቆጥሩት "በሦስተኛው ጉዞ፣ በአራተኛው ጉዞ" እያሉ ነው። ከዚያ ሸራው ተሠራ። ኩበት ማንደድ ቀረ። ሕጉ ግን አለ። ከተማዋ "እንቀመጥ" በሚሉና "እንነሳ" በሚሉ ለሁለት ተከፈለች። ቁሱ ከሄደ በኋላ የሠራው ሥርዓት ቆሞ ቀረ ማለት ነው። ጠቡን አገኘሁት።

ሁለተኛው ማነቆ ቤቱ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ አቋም አለኝ። የምትጽፉበትን ቁስ በእጃችሁ ሳትነኩ አትጻፉበት። ስለ ቁስ የሚያወራ ጽሑፍ ስታነቡ ብትከርሙ፣ ንባቡ ቁሱ የሚያስቸግርበትን ቦታ አይነግራችሁም። እኔ በሰሌዳ ላይ ትንንሽ የጭቃ ግድግዳዎች ሠራሁ። ቀይ አፈር ነፋሁ፣ የጤፍ ጭድ ቀላቀልኩ፣ ውኃ አድርጌ ሸፍኜ ተውኩት። ከቀናት በኋላ ጭቃው ይሸታል። ፊቱ ላይ አረፋ ያወጣል። ስታነሱት እንደ ሊጥ ይሳባል። ያኔ ነው ለምርጊት የደረሰው።

አንዱን ግድግዳ ያለ እንጨት አቆምኩት። ሌላውን በጭራሮ ቋሚና ማገር አድርጌ መረግሁት። ያለ እንጨት የቆመው፣ በደንብ ካላወፈሩት፣ ሳይደርቅ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። እንጨት ያለበት በጣት ውፍረት ቀጥ ብሎ ደረቀ። ጭዱን በመቀስ አሳጥሬ የቀላቀልኩበት በኩል ተሰነጣጠቀ። ረጅሙን ጭድ የጨመርኩበት ያዘ። ይህንን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ በየሰፈሩ ጭቃ ያቦኩ አዛውንት ሁሉ ያውቁታል። እኔ ግን እጄ ጭቃ እስኪነካ ድረስ በታሪኬ ውስጥ ግድግዳ ማለት ዝም ብሎ ግድግዳ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ተከተለ። ቶሎ የሚደርስ፣ ቀጥ ያለ፣ ርካሽ አጣና ከሌለ ለተራው ሰው ቀጭን ግድግዳ የለም። ግድግዳ የሚኖረው ጥድ ማስመጣት ወይም ድንጋይ ማስጠረብ የሚችል ብቻ ነው። ባህር ዛፍ ለአዲስ አበባ ድሃ ማገዶ ብቻ አልሰጠውም። ቋሚና ማገር ሰጠው፤ ቅጠሉን ለምጣድ ሰጠው፤ ጉንፋን ሲይዘው መታጠኛ ሰጠው። ዛሬም ፎቅ ሲሠራ መወጣጫው በአጣና ሲታሰር ታያላችሁ። ስለዚህ በታሪኬ ከተማ ግድግዳ ያለው ፍርድ ቤቱና ግምጃ ቤቱ ብቻ ነው። ሌላው በሸራ ውስጥ ይኖራል። በግድግዳ ውስጥ መተኛት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው እስረኛ ብቻ ነው። ይህችን ነጥብ በጣም ወድጃታለሁ። የተገኘችውም ከሰሌዳዬ ላይ ነው።

ፍልስፍናው ላይ ልምጣ። አርስቶትል ማንኛውም ነገር ቁስና ቅርጽ አለው ብሎ አስተምሯል። ሐውልቱ ቁሱ ነሐስ ነው፤ ቅርጹን ሠሪው ይሰጠዋል። ብዙዎቻችን ሳይታወቀን የምናስበው እንዲሁ ነው። ቁሱ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ሰው መጥቶ ቅርጽ ያለብሰዋል። የፈረንሳዩ ፈላስፋ ዢልቤር ሲሞንዶን በ1958 ባቀረበው የዶክትሬት ሥራው ይህንን የሞገተው በጡብ ነው። ሸክላ አፈሩ ዝም ብሎ አይጠብቅም ይላል። ተቆፍሮ፣ ተለቅሞ፣ ረጥቦ፣ ታሽቶ ነው ቅርጽ ማውጫው ውስጥ የሚገባው። ቅርጽ ማውጫውም ራሱ ቁስ ነው፤ ጭቃው እንዳይጣበቅበት ተዘጋጅቷል። ጡቡ የሚወጣው ሁለቱ ሲገፋፉ ነው። ከዚያ የሚለው ነገር ነው ልቤን የነካው። ቁስንና ቅርጽን እንዲያ ለያይቶ ማየት የአዛዥ አስተያየት ነው ይላል። አዛዡ ጡብ ሥሩልኝ ይላል፤ ቅርጹ በአእምሮው አለ። ጭቃው ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው የሚያቦካው ባሪያ ነው።

በእኛ አገር ቁስ አካል የሚባል ነገር በብዛት የተወራው በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ በነበረው የውይይት ክበብ ነው። ያን ጊዜ የተማሩ ታላላቆቼን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። ስለ ምርት ኃይሎች፣ ስለ መደብ ትግል፣ ስለ መሠረትና ስለ ላዕላይ መዋቅር ይነግሩኛል። በዚያ ሁሉ የቁስ ወሬ ውስጥ ግን አንድ እንጨት፣ አንድ አካፋ ጭቃ አጣሁ። ሐሳቡ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ማን ያመርታል፣ ማን ይወስዳል የሚለው ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው። ቁሱ ራሱ ግን ስም ብቻ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ከስም ታሪክ አይወጣም።

ሲሞንዶንን አንብቤ ስጨርስ ወደ ሐሳቤ የመጡት የእንጦጦ እናቶች ናቸው። ስንት ዘመን ከዚያ ተራራ የባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ቁልቁል ሲወርዱ ኖረዋል። ከተማዋን አስቀመጣት የምንለው ዛፍ በእግሩ አልመጣም። ከእነሱ ጀርባ ላይ ነው የመጣው። ከዚያ በፊትም በተንቀሳቃሹ ዘመን ወፍጮውን፣ ጋኑን፣ ዱቄቱን ይዘው ከሠራዊቱ ኋላ የሚጓዙት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ያኔ አንድ ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፌ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ለጠፍኩ፦ ማን ይሸከመዋል?

ከያዝኳቸው መሣሪያዎች ሁሉ የምወደው ይህ ጥያቄ ነው። ወደ ታሪኬ በገባው ነገር ሁሉ ላይ እጠይቀዋለሁ። ሸራውን ማን ይሸከመዋል? የፍርድ ቤቱን መዝገብስ? የታመመ ሽማግሌ? የወፍጮ ድንጋይ? በረጋ ከተማ ሀብት ከባድ ነገር ነው፤ ፎቅ ነው፣ ብረት በር ነው፣ ቦታ ነው። በተንቀሳቃሽ ከተማ ከባድ ነገር ዕዳ ነው። ሀብታሙ ቀላል ነገር ይይዛል፤ የብድር ውል፣ ዘር፣ ዕውቀት። ከባዱን ለድሃው ይተውለታል፤ ከዚያም ያከራየዋል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ "እንቀመጥ" የሚሉትን ሀብታሞች አድርጌያቸው ነበር። ጥያቄውን ስጠይቅ ተገለበጠ። መቀመጥ የሚፈልጉት የደከማቸው ናቸው፤ ለአምስት ትውልድ የሌላ ሰው ወፍጮ የተሸከሙት። "እንነሳ፣ ሕጉ ይከበር፣ መሬቱ ይረፍ" የሚሉት እጃቸው ባዶ የሆኑት ናቸው። ታሪኩ ከዚህ በኋላ ራሱን ይጽፍ ጀመር ብል ማጋነን አይሆንም።

ከሥነ ጥበብ በኩል የረዱኝን ሁለት ሰዎች ሳላነሳ አላልፍም። ኤልያስ ስሜ ያረጁ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችንና የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን ከመርካቶ እየሰበሰበ ትልልቅ ሥራዎች ይሠራል። ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን የታየ እርሻና ከተማ ይመስላል፤ ስትጠጉ ሰው የነካካው ቁልፍ፣ የተጎነጎነ ሽቦ ነው። እሱና መስከረም አሰግድ ያቋቋሙት፣ በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ደግሞ በጭቃና በጭድ ነው የተሠራው። አዲስ አበባ ያላችሁ ሄዳችሁ ግድግዳውን በቅርብ እዩት። ጭቃ የድህነት ምልክት ነው የሚለውን አስተሳሰብ ከማንኛውም መጣጥፍ በተሻለ ያፈርሰዋል።

ሁለተኛው በጋና ተወልዶ ናይጄሪያ ውስጥ ኑሱካ ላይ ብዙ ዘመን የሠራው ኤል አናትሱይ ነው። የመጠጥ ጠርሙስ ቆቦችን በመዳብ ሽቦ እያያያዘ ግዙፍ ጨርቅ የሚመስል ነገር ይሠራል። አልኮል አፍሪካን፣ አውሮፓንና አሜሪካን ባገናኘው ንግድ ውስጥ ከባሪያ ንግድ ጋር አብሮ የተጓዘ ዕቃ ነው። ያ ታሪክ ቆቡ ላይ አለ። እኔን የበለጠ የያዘኝ ግን አሰቃቀሉ ነው። ሥራው እንዴት መሰቀል እንዳለበት አርቲስቱ አይወስንም። የሚሰቅሉት ሰዎች እንደ ቦታው ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል። አንዱ ሥራ ሁለት ቦታ ሲሰቀል አንድ ዓይነት አይሆንም። የከተማዬን ካርታ የሣልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቋሚ ካርታ የላትም። ማን ከማን አጠገብ እንደሚሰፍር ግን የተወሰነ ነው፤ ኮረብታውና ወንዙ ያጥፏታል።

እዚህ ላይ ስለ ሥዕል አንድ ነገር ልበል። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሥዕል የሚያወጡትን ፕሮግራሞች ሞክሬያቸዋለሁ። ተንቀሳቃሽ ከተማ ስትጠይቋቸው የሚያምር ድንኳን ይሰጧችኋል። ድንኳኑ ግን ክብደት የለውም። ካስማው የት እንደተመታ፣ ገመዱን ማን እንደወጠረው አይታይም። ለጓደኛ ለማሳየት ይሆናል። ለማሰብ ግን አይረዳም። እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ አንድ ካስማ በትክክል ብትሥሉ ይሻላል።

አሁን ወደ ትልቁ ግኝቴ። ከተማዋን የሚያንቀሳቅሳት ማን ነው? ንጉሥ አልፈለግኩም፤ ሚኒስቴርም አልፈለግኩም። ንጉሥ ካስገባሁ ታሪኩ የቤተ መንግሥት ሴራ ይሆንብኛል። ብዙ ጊዜ አስቤ መልሱን ያገኘሁት ከሰፈራችን ነው። እድር! እድር ድንኳን አለው። ወንበርና አግዳሚ አለው። ትልልቅ ድስት፣ ብረት ድስት፣ ሳህን፣ ብርጭቆ አለው። መዝገብ አለው፤ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረ ይታወቃል። ጥሩምባ ነፊ አለው። የቀረ ይቀጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ሚሊዮን ሰው ዛሬ ማታ ተነስ ቢባል የተዘጋጀው ድርጅት እሱ ብቻ ነው። ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ ድንኳኑን የለቅሶ ዕቃ ብቻ አድርጌ ነው የማየው።

ስለዚህ በታሪኬ ውስጥ ከተማዋ የእድሮች ማኅበር ናት። የጉዞው ቀን ሲደርስ ጥሩምባው ይነፋል። ሸክሙ በዕጣ ይደለደላል። የወፍጮ ድንጋይ የደረሰው ቤተሰብ የወፍጮ ድንጋይ ይይዛል፤ ዳኛም ቢሆን፣ ዶክተርም ቢሆን። ሕጉ እንደዚያ ነው። በተግባር ግን ዕጣ ይሸጣል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የእድሩ መዝገብ ያዥ ናት። አምስት ጉዞ ሙሉ የወፍጮ ድንጋዩ ዕጣ አንድም ቀን ከሰባት ቤተሰብ እንዳልወጣ ከመዝገቡ ላይ ታገኛለች። ታሪኩ የሚነሳው ከዚያ ገጽ ነው። ጀግናዬ ሰይፍ የላትም፤ የተሸበለለ መዝገብና ጥሩ ዓይን አላት።

ምክር ከጠየቃችሁኝ፦ ቁሱን ስትመርጡ ውድ ነገር አትምረጡ። ወርቅና አልማዝ ያሳስታሉ፤ ሰው ስለ እነሱ የሚያስበውን አስቀድማችሁ ስለምታውቁ አዲስ ነገር አይነግሯችሁም። ተራ ነገር ያዙ። ሳሙና፣ ጀሪካን፣ ሚስማር፣ ማዳበሪያ የሚመጣበት ጆንያ። ጀሪካን ብቻውን ስንት ነገር ይናገራል! ከእንስራ ይቀላል፣ አይሰበርም፣ ልጅም ይሸከመዋል። ልጅ ሊሸከመው ስለሚችልም ውኃ መቅዳት የልጅ ሥራ ይሆናል። ከዚህ ላይ ማንም ሰው ታሪክ መጻፍ ይችላል።

ሌላው፣ ቁሱ ብቻውን ሁሉን ይወስናል ከሚል ፈተና ተጠበቁ። እኔ ራሴ ወደዚያ የማዘነብል ሰው ነኝ፤ አንድ ዛፍ አንድ ከተማ ሠራ የሚለው ዓረፍተ ነገር በጣም ይጥመኛል። ግን አዲስ ዓለም ላይ የቀረው ቤተ መንግሥት ሌላም ይናገራል። ግብሩን ያነሳው ሰው ነው። ችግኙን ያደለው ሰው ነው። በ1913 አልነቅልም ያለውም ሰው ነው። ዛፉ ያደረገው አንዳንዱን ምርጫ ርካሽ፣ አንዳንዱን ውድ ማድረግ ነው። ጸሐፊው ሊይዘው የሚገባው ይህ የዋጋ ልዩነት ነው። ገጸ ባሕርዩ ውዱን መንገድ ሲመርጥ አንባቢው ቀና ይላል።

ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ። እድር የተቋቋመው ሰው ለመቅበር ነው። ከተማዋ ስትነሳ ሙታኑ ይቀራሉ። በየአሥራ አምስት ዓመቱ የምትነሳ ከተማ በየሄደችበት መቃብር ትታ ትሄዳለች፤ ድንኳኑ ይታጠፋል፣ ድስቱ ይጫናል፣ መቃብሩ ግን አይነሳም። "እንቀመጥ" ከሚሉት ውስጥ ሸክም ያልከበዳቸው፣ ሟች ብቻ ያላቸው ሰዎች መኖር አለባቸው። መዝገብ ያዥዋም እናቷን ከሁለት ጉዞ በፊት ቀብራለች። ይህንን ክፍል ደጋግሜ ጽፌ ደጋግሜ ሰርዣለሁ። አሁን እየሞከርኩት ያለሁት እድሩ በየቀረው መቃብር አንድ ቤተሰብ በተራ ትቶ እንዲሄድ ነው። ያ ቤተሰብ አሥራ አምስት ዓመት ብቻውን ምን ይበላል? ከማን ጋር ይጋባል? ልጆቹስ የየትኛው ጉዞ ልጆች ይባላሉ? በዘመነ መሳፍንትም ሆነ ከዚያ በፊት ሠራዊቱ ሰፍሮ ሲነሳ የሞቱትን እንዴት እንደሚቀብርና ማን እንደሚጠብቃቸው ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ ጻፉልኝ። ቀጣዩን ምዕራፍ የምጀምረው ከዚያ ነው።